ያቺን ህንድ ይዘሽብኝ እንዳትመጪ

ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓይንም የለውም ብለው የሚያስቡ አሉ። እኔ ጠጄ፣ በመንዝ ምድር የስንቱን ለቅሶ ያደመቅሁ አልቃሽ፣ «ይህችን ሴት አውቃታለሁ» ብል ፊት ለፊት ሳቁብኝ። ያወቅኋት ደግሞ የሩቅ ባለሥልጣን ወይም የተደበቀች ሰው አይደለችም፤ በቴሌቪዥን የምትወጣ የህንድ አማት ናት።

ድራማው በአማርኛ የሚናገር የህንድ ድራማ ነው። ነጭ ፀጉሯን ወደኋላ አስይዛ፣ የጓዳውን ቁልፍ ወገቧ ላይ አንጠልጥላ ምራቷን የምታሰቃይ አንዲት አማት አለች። መንደሩ በሙሉ ይረግማታል። እኔ ግን ገና ከበር ብቅ ስትል ዓይኗን አይቼ ለየኋት።

«ይህች እኮ ዓይናለም ናት» አልኩ።

«የቷ ዓይናለም?» አለች መሲ። መሲ የጎረቤቴ የኮከቤ ልጅ ናት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ድራማውን የሚያየው በኮከቤ ቤት ነው። መሐል ሜዳ ልብስ ትሰፋለች፤ እሑድ እሑድ እናቷን ልትጠይቅ ትመጣለች።

«እናትሽና እኔ በቪዲዮ ቤት ያየናት። ያቺ በዝናብ የምትጨፍረው። ያቺ ባቡር ሐዲድ ላይ ልጇን ያጣችው።»

«እትዬ ጠጄ፣ ለእርስዎ ህንድ ሁሉ አንድ ነው። ያቺማ ኮረዳ ነበረች አላሉም?»

«ኮረዳ ነበረች፣ ዛሬ አማት ሆነች። ምን ልትሆን ኖሯል? ጠቦት?»

ኮከቤ መደቡ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር እየፈተለች ሳቀች እንጂ አላገዘችኝም። እሷም ለይታታለች። ዝም ያለችው እኔ ስናደድ ማየት ስለምትወድ ነው።

መሲ ግን በዚህ አልበቃትም። «ደግሞ እንባዋ የውሸት ነው። ዓይናቸው ውስጥ የሚጨምሩት ነገር አለ ይባላል።»

«ይህንን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አልኳት። «አንቺ ስለ ክር ንገሪኝ፣ እሰማሻለሁ። ስለ እንባ ግን እኔን ጠይቂ። ከሆድ የሚመጣና ከዓይን የሚመጣ እንባ መለየት ካልቻልኩ ሙያዬ ምኑ ላይ ነው? የዓይናለም ከሆድ ነው።»

እንዲህ አልኩ። ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ።

ዓይናለም እውነተኛ ስሟ አይደለም። ልጆቻችን ገና ትንንሽ ሳሉ፣ በገበያ ቀን ኮከቤና እኔ በጎቻችንን ሸጠን ስናበቃ መሐል ሜዳ በኃይሉ የሚባል ሰው ቪዲዮ ቤት እንገባ ነበር። ጨለማ ክፍል ነው፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፤ ሽታው የሰው ላብና የእርጥብ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳችን። በኃይሉ የሴትዮዋን ስም በየሳምንቱ ሌላ ሌላ አድርጎ ሲጠራው፣ ኮከቤ ሰለቻትና ለትልልቅ ዓይኗ ስትል ዓይናለም ብላ አወጣችላት። ቪዲዮ ቤቱ በሙሉ ዓይናለም አላት።

በኃይሉ ካሴቱን እንዳገኘ ነው የሚያመጣው። ዓይናለም አንድ ሳምንት የሦስት ልጆች እናት ሆና ትመጣለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ኮረዳ ሆና በዝናብ ውስጥ ትጨፍራለች። «ጠበል ገብታ ነው» ትላለች ኮከቤ። ባሏ ሲሞት ነጭ ለብሳ ስትወጣ፣ «እንዴ፣ ባሏ ሞቶ የጥምቀት ልብስ ለበሰች?» ብለን ልንቀየማት ስንል፣ በኃይሉ የአገሯ ሐዘን ነጭ እንደሆነ አስረዳን። እኛም ይቅር አልናት።

በኃይሉ ህንድኛ አያውቅም፤ አንዲት ቃል። ይህ ግን አፉን አላስያዘውም። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ፣ ከንፈሯ በተንቀሳቀሰ ቁጥር «እንዲህ ነው የምትለው» ይለናል። ዓይናለም ሐዲዱ ላይ ተንበርክካ የልጇን አንድ እግር ጫማ አቅፋ ስትጮህ፣ «ልጄ፣ ልጄ እያልኩ በር በሩን ሳይ ልሙት ነው የምትለው» አለን። በምድረ በዳ ላይ ምን በር አለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቤቱ በሙሉ ተላቀሰ። እኔ ስወጣ መሬቱ ከእግሬ በታች አይታየኝም ነበር።

የራሴ እንባ ባሌን ከቀበርኩ ወዲያ ነጠፈ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ለባሌ ያለኝን ሁሉ ሰጥቼ ይሆናል። አልቃሽ ደግሞ ደረቅ ዓይን ይዛ ድንኳን አትገባም። ቃሉ ምንም ቢያምር፣ ፊቷ ካልረጠበ ሰው ሳሉን ይጀምራል። ስለዚህ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ዓይናለምን መጥራት ጀመርኩ። ያ ሐዲድ፣ ያ ጫማ። ወዲያው ይመጣልኝ ነበር። በበቅሎ ራቤል ድረስ ተወስጄ አልቅሻለሁ፤ ጓሳ ሥር ባሉት መንደሮች ያለ እኔ ለቅሶ አይደምቅም ይባል ነበር። ሁሉም ጋ ህንዷ አብራኝ ሄዳለች። ይህንን የምታውቅ ኮከቤ ብቻ ነበረች። ነግሬያት አይደለም፤ ነቅታብኝ ነው።

በኋላ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። ዓይናለምን ለብዙ ዓመት አላየኋትም። እኔ አረጀሁ፣ እሷ ግን በእኔ ዘንድ እዚያው ሐዲዱ ላይ እንደተንበረከከች ቀረች። ከዚያ የኮከቤ ወንድ ልጅ አንዷለም አረብ አገር ሄዶ የጭነት መኪና ሾፌር ሆነና ለእናቱ ቴሌቪዥንና ዲሽ ላከላት። ዓይናለም በዚያ መጣች፤ አማት ሆና። አፉ የእሷ ነው፣ ድምፁ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ድምፅ ነው። ያንን የመሰለ ጉሮሮ ይዛ የሰው ድምፅ ያለበሷት ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ኮከቤ በዚያው ክረምት ታመመች። ሆዷ አበጠ፤ ደብረ ብርሃን ወስደዋት ወደ ቤት መለሷት። ሐኪም ወደ ቤት ውሰዷት ካለ ምን እንደሆነ እናውቃለን። እኔ ከአልጋዋ አልተለየሁም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መሲ ውጭ ልብስ ስታሰጣ፣ ኮከቤ ዓይኗን ገለጠች።

«ጠጄ።»

«ወይ።»

«የእኔ ሲሆን ያቺን ህንድ ይዘሽብኝ እንዳትመጪ።»

«ምን ትላለች ይህች!»

«አውቅሻለሁ። ነጠላሽን ስትጥዪ ወዴት እንደምትሄጂ አውቃለሁ። ለጎረቤታችን ለአባይነህ ለቅሶ ይዘሻት መጣሽ፤ ለአለቃ መርስዔ ኃዘን ቀብር ይዘሻት መጣሽ፤ ዝም አልኩሽ። ለእኔ ግን ከራስሽ ካልመጣልሽ ዝም ብለሽ ቁሚ። ቆመሽ ዋዪ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«የሚቀበረው ማን ነው? አንቺ ነሽ እኔ?»

እስቃለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። እሷ አልሳቀችም። «በሚካኤል ማዪልኝ» አለች። ማልኩላት።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች። ማለዳ ላይ፣ መሲ ደክሟት እንቅልፍ ወስዷት ሳለ፣ ኮከቤ ወደ እኔ ዞረች። «በጓ ወለደች?» አለችኝ።

«አልወለደችም» አልኳት።

«ሰነፍ» አለች።

በጓን ይሁን እኔን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ በዚያው ቀረች። የማንንም ስም አልጠራችም። በሩንም አላየችም። ይህንን እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት፤ መሲ የነቃችው በእኔ ጩኸት ነው።

በቀብሩ ቀን እንዝርቷን ይዤ ድንኳኑ መሐል ቆምኩ። እንደማልኩት ነጠላዬን አልጣልኩም። ፊቴን ገልጬ፣ ከራሴ የመጣውን አወረድኩ፦

ባናው ሳይጠቀለል ድሩም ሳያልቅላት፣
ኮከቤ ተነሣች ማን ይሆን የጠራት።

እውነት ነበር። የጀመረችው ባና እቤት ውስጥ ግማሽ ላይ ቀርቷል። ግን ዓይኔ ደረቅ ነው፤ ድምፄም ደረቀ። አንዱ ሳለ። ሌላው ሳለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሸዋረጋ የምትባል ወጣት አልቃሽ አለች፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ከወዲያ በኩል ነጠላዋን ስታስተካክልና አንድ እርምጃ ወደ መሐል ስትራመድ አየኋት። የእኔን ቦታ ልትይዝ። በኮከቤ ለቅሶ ላይ፣ እኔ ቆሜ!

ዝም ብለሽ ቁሚ ብላኝ ነበር። ዝም ብዬ መቆም ነበረብኝ። ሸዋረጋ ታልቅስ፣ ሰው ጠጄ አለቀላት ይበል፣ ምን ይቀርብኝ ነበር? አሁን እንዲህ እላለሁ። ያን ጊዜ ግን እጄ ቀደመኝና ነጠላዬን ጣልኩ። ጠራኋት። መጣች፣ ጫማውን አቅፋ። በኃይሉም ቃሉን ይዞ ተከትሏት መጣ፦

በሩን እያየችው ልጄ ልጄ ብላ፣
አንዷለም ሳይመጣ ሄደች ተጠቅልላ።

ድንኳኑ ፈረሰ ማለት ይቀላል። መሲን ሦስት ሴቶች ያዟት። ሲስሉ የነበሩት ሽማግሌዎች ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሸዋረጋ እንኳን ተንበርክካ አለቀሰች። እኔ እንባዬ አንገቴ ድረስ ወረደ። ዕድሜዬን በሙሉ እንደዚያ ቀን ተዋጥቶልኝ አያውቅም። እንዝርቱን ግን መያዝ አቃተኝ፤ የሰው ዕቃ ሰርቄ የያዝኩ ያህል መዳፌን ፈጀኝ። አንዲት የመሲ ጓደኛ በስልክ ቀርጻው ኖሮ፣ በዚያው ቀን አረብ አገር ለአንዷለም ተላከ።

ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትምና መሲ በእናቷ ነጠላ ሸፍናው ከረመች። አርባዋ ከወጣ በኋላ በአንድ እሑድ በሬን አንኳኳች። «እትዬ ጠጄ፣ ይምጡ። የእርስዎ ሴትዮ ልዩ ዝግጅት አላት አሉ። እናቴ ከእርስዎ ጋር ነበር የምታያት።»

ተከትያት ሄድኩ። መደቡ ላይ አልተቀመጥኩም፤ የኮከቤ ነው።

ዝግጅቱ ሃምሳ ዓመት ፊልም የሠራችበት በዓል ነው፤ እሱም እንደ ድራማው በአማርኛ ይናገራል። ስሟ ሱርያማላ ኖሯል። የሃምሳ ዓመቱን ሁሉ በየተራ አሳዩት። ኮረዳዋ በዝናብ ስትጨፍር። ሙሽራዋ። ነጭ ለባሿ። ሐዲዱ። ከዚያ አማቷ ከነቁልፏ። በኃይሉ አዘበራርቆ ያመጣልን ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅደም ተከተሉ ሲያልፍ አየሁት፤ ያን ሁሉ ዘመን የኖረችው አንድ ሰው ናት፣ ያንኑ ዓይን ይዛ።

መሲ ብድግ አለች። «እትዬ ጠጄ! ልክ ነበሩ! እሷው ናት! ይቅር ይበሉኝ በእናትዎ!» ብላ ጉልበቴን ሳመች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ልክ ነሽ እንድባል ስንት ጊዜ ተከራክሬያለሁ! ዞር ብዬ መደቡን አየሁት። በዚህ የምትስቅብኝ ሰው የለችበትም።

ከዚያ አንዲት ጠያቂ አጠገቧ ተቀምጣ፣ «በዚያ ሐዲድ ላይ አገሩን ሁሉ አስለቀሱ። ያ ሁሉ እንባ ከየት መጣ?» አለቻት።

ሱርያማላ ሳቀች። ከቦርሳዋ ጣት የምታህል ብልቃጥ አወጣች። «ከዚህ» አለች። «አንድ ጠብታ ለዚህኛው ዓይን፣ አንድ ጠብታ ለዚያኛው። ያን ቀን ነፋስ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ይደርቅብኝ ነበር። የሞተው ልጅ ደግሞ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ 'ጫማዬን መልሱልኝ፣ እግሬን በረደኝ' እያለ ሲጨቀጭቅ በሳቅ ልሞት ነበር።»

«ሕዝቡን ማታለል አይሆንም?» አለቻት ጠያቂዋ።

«ለምን ይሆናል? የእኔ ሥራ ማልቀስ አይደለም፤ ማስለቀስ ነው። ሕዝቡም ፊልም መሆኑን አውቆ ነው የሚገባው።»

መሲ በሳቅ ፈነዳች። «አላልኩም? ብልቃጥ!» ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠችው። «ምነው እትዬ ጠጄ? አመመዎት?»

መጀመሪያ ላይ፣ አልዋሽም፣ ነገሩ ትንሽ አሳረፈኝ። እሷም እንደ እኔ ናት አልኩ። ሥራዋ ነው፣ ሥራዬ ነው። የኋለኛው ቃሏ ግን አልለቀቀኝም። አውቆ ነው የሚገባው። ወደ እኔ ድንኳን የገባው ሰው ምን አውቆ ነው የገባው? ደግሞ ያቺ ሴትዮ ለማንም አልማለችም። በሞት አፋፍ ላይ ያለች ባልንጀራ እጇን ይዛ አልለመነቻትም። እኔ ለኮከቤ የሰጠኋት፣ ከሆድ ነው ብዬ ቤት ሙሉ ሰው ፊት የመሰከርኩለት እንባ፣ ከብልቃጥ የወጣ ኖሯል። በጓን የጠየቀችኝን ሴት በሰው ጫማ ቀበርኳት።

መሲ ውኃ አመጣችልኝ። እስክጠጣ ጠብቃ አጠገቤ ተቀመጠች። «ስለ አንዷለም አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» አለች። «መቼም የእናቴ የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

ስልኳን አውጥታ የላከላትን ድምፅ ከፈተችልኝ። የአንዷለም ድምፅ ነው፤ የትልቅ ሰው ድምፅ፣ ግን የተሰበረ። «መሲ፣ ያንን ለቅሶ መስማት መተው አልቻልኩም። በሩን እያየች ልጄ ልጄ ስትል ነው የሚታየኝ። መሪውን ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ትናንት መኪናውን መንገድ ዳር አቁሜ ተቀመጥኩ። እትዬ ጠጄን ጠይቂልኝ፤ ስንት ጊዜ ነው የጠራችኝ?»

መሲ ስልኩን ዘጋችው። «ምን ልበለው?»

«አልጠራችውም» አልኩ።

«እ?»

«አልጠራችውም። በሩንም አላየችም። በጓ ወለደች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልወለደችም አልኳት። ሰነፍ ብላ ዞረች። ያ ነው የመጨረሻው።»

መሲ አፏን ይዛ አየችኝ። «ታዲያ… ያ ሙሾ?»

«ያ የህንዷ ነው። ህንዷም አላለችው፤ የቪዲዮ ቤቱ በኃይሉ ከራሱ ፈጥሮ የነገረን ነው። እናትሽ ያቺን ሴትዮ ይዘሽብኝ እንዳትመጪ ብላ በሚካኤል አስምላኝ ነበር። ሸዋረጋ ቦታዬን እንዳትይዝ ብዬ መሐላዬን በላሁት።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህብኝ በወደድኩ። እሷ ግን እጄን ያዘችና፣ «ምንም አይደለም እትዬ ጠጄ። ሁላችንም አለቀስን አይደል? እናቴም ብትሰማ በሳቅ ትፈነዳ ነበር» አለችኝ።

«እናትሽ በዚህ አትስቅም። ያን ቀን አልሳቀችም።»

«እሺ፣ ይሁን። ለእኔ ነገሩኝ፤ ይቅር ብያለሁ። ለንስሐ አባትዎ ይንገሩና ይብቃ። ለአንዷለም ግን አይሆንም። ምን ልበለው? እናትህ የጠየቀችው በጓን ነው፣ አንተን አላነሳችህም ልበለው? ይህ አይብስበትም?»

«ይብስበት ይሆናል።»

«ታዲያስ!»

«ታዲያማ ይህኛው የእናቱ ነው። ቢከፋውም የእናቱ ነው። ያኛው ግን የማንም አይደለም፤ የማንም ባልሆነ ነገር ነው እጁ የሚንቀጠቀጠው። ልጁ መኪና ነው የሚነዳው፣ መሲ! ነገ ገደል ቢገባ ማን ገደለው ልትዪ ነው? አረቡ?»

«እንዲህ አይበሉ!»

«እላለሁ። ንስሐ አባቴ ጸሎቱንና ስግደቱን ይሰጡኛል፤ ጉልበቴ እስኪላላጥ እሰግዳለሁ። የእኔን ነፍስ ያሳርፉልኝ ይሆናል። የአንዷለምን እጅ ግን እሳቸው አያረጋጉልኝም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በአፌ ነው ያበላሸሁት፤ በአፌ ነው የማስተካክለው።»

መሲ ስልኩን ወደ ጉያዋ ሸሸገች፤ እኔ የምነጥቃት መስሏት። «ይጠላዎታል» አለች ቀስ ብላ። «እናቴ ማለት ከእንግዲህ እሳቸው ናቸው ብሏል። ይህንን ሲሰማ ዳግመኛ ስምዎን አያነሳም። እርስዎንም እኔ አውቃለሁ፤ ይህንን አይችሉትም።»

እውነቷን ነው። አልችለውም። ሲወለድ እትብቱን የቀበርኩት ልጅ ነው። ቢሆንም ተነሥቼ፣ ያልተቀመጥኩበት መደብ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከወገቤ ቀና አልኩ። ነጠላዬን ከራሴ ላይ አውርጄ ትከሻዬ ላይ ጣልኩት፤ ፊቴ በሙሉ እንዲታይ።

«አውጪው ስልኩን» አልኳት። «ነገ አይደለም፣ አሁን። ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ፊት ለፊት እንዲያየኝ አድርጊ። እናቱ እንዴት እንደሞተች እንዳየሁት እነግረዋለሁ፤ ስለ በጓ፣ ሰነፍ ብላ ስለመዞሯ፣ ስላልጠራችው። ለምን እንደዋሸሁም እነግረዋለሁ። ሲሰድበኝ አንቺ መሐል ገብተሽ እንዳታባብዪው፤ የራሴን ስድብ እኔው እሰማዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጠብቂልኝ፤ ዓይንሽን ከዓይኔ እንዳትነቅዪ። ደውዪ፣ መሲ። አንዲት እንባ ካየሽብኝ ያቺ ህንድ መጥታለችና ስልኩን ከእጄ ንጠቂኝ።»